"ጥናት አረጋገጠ" ከመባሉ በፊት፦ የሳይንስ ዜና ከጣና ዳር እስከ አድማጭ ጆሮ

መስቀል አልፎ ዝናቡ ሲያባራ ባሕር ዳር ላይ አንድ ወሬ ይነሳል። የእምቦጭ ወሬ። አንዱ ዜና "አረሙ በእጅጉ ቀንሷል" ይላል። ሌላው "ጣናን እየዋጠው ነው" ይላል። ሰው ግራ ይገባዋል። ከተማው ውስጥ ያለ ሰው ወደ ሐይቁ ዳር ወጥቶ ሲያይ ውኃው ንጹሕ ነው። ደንቢያ ያለ ዘመዱ ደግሞ ስልክ ደውሎ ታንኳ ማንቀሳቀስ አቃተን ይለዋል። ታዲያ ማን ዋሸ?

አብዛኛውን ጊዜ ማንም አልዋሸም። ችግሩ ያለው መረጃው ከተመራማሪው እጅ ወጥቶ ሬዲዮ ላይ እስኪደርስ በሚጓዝበት መንገድ ላይ ነው። በየደረጃው አንዲት ቃል ትንጠባጠባለች። መጀመሪያ "በሰሜኑ ዳርቻ" የምትለዋ ትቀራለች። ቀጥሎ "በጥቅምት በተወሰደው ልኬት" የምትለዋ ትወድቃለች። በመጨረሻ አድማጩ ጆሮ የሚደርሰው "ቀነሰ" ወይም "ጨመረ" ብቻ ነው።

ይህ ጽሑፍ የሚያየው ያንን መንገድ ነው። በተለይ ደግሞ መንገዱ መሃል ላይ የቆመውን ሰው፣ የሕዝብ ሬዲዮ አዘጋጁን። አዘጋጅ ወይም ፕሮዲዩሰር የሚባለው ርዕስ የሚመርጠው፣ እንግዳ የሚፈልገው፣ ድምፅ የሚቀዳው፣ ቆርጦ የሚቀጥለው፣ ጽሑፉን የሚጽፈውና ፕሮግራሙን ለአየር የሚያበቃው ሰው ነው። ድምፁ ላይሰማ ይችላል። ምን እንደሚነገርና ምን እንደሚቀር የሚወስነው ግን ብዙውን ጊዜ እሱ ነው።

አንድ ሐይቅ፣ ብዙ ቁጥር

በእምቦጩ እንጀምር። ጣና 3 ሺህ ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት አለው። ወደ ሄክታር ሲቀየር 300 ሺህ ሄክታር አካባቢ ማለት ነው። እምቦጭ መነሻው የደቡብ አሜሪካ የአማዞን ተፋሰስ ነው። ጣና ላይ መኖሩ በይፋ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ውኃ ላይ የሚንሳፈፍ አረም ስለሆነ ነፋስ ወዲያና ወዲህ ይገፋዋል። ክምችቱ የሚበዛው በሰሜንና በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ፣ በደንቢያ፣ በጎንደር ዙሪያ፣ በሊቦ ከምከምና በፎገራ በኩል ነው። ባሕር ዳር ያለችው ደግሞ በደቡብ ጫፍ ነው። ስለዚህ ከባሕር ዳር የሚታየው ጣናና ከደንቢያ የሚታየው ጣና በአንድ ቀን ሁለት የተለያየ ሐይቅ ሊመስሉ ይችላሉ።

ወቅቱም አለበት። በክረምት ርብ፣ ጉማራና መገጭ የተባሉት ወንዞች ከእርሻ ማሳ ያጠቡትን አፈርና ማዳበሪያ ይዘው ይገባሉ። አረሙ በዚያ ይወፍራል። ሲመቸው በ2 ሳምንት ገደማ ራሱን እጥፍ ማድረግ ይችላል። በበጋ ሐይቁ ሲሸሽ ከፊሉ ደረቅ መሬት ላይ ቀርቶ ይደርቃል። በግንቦት የለካ ሰው "ቀነሰ" ቢል አልተሳሳተም። በኅዳር የለካውም "ጨመረ" ቢል እንደዚያው። ዘሩ ግን ጭቃ ውስጥ ከ15 ዓመት በላይ ሳይሞት ሊቆይ ይችላል። ያቺ የበጋ "ቀነሰ" ብዙ ዕድሜ የላትም።

የልኬቱ መንገድም ቁጥሩን ይለውጠዋል። አንዱ በጀልባ ዞሮ በጂፒኤስ ይለካል። ሌላው የሳተላይት ምስል ይጠቀማል። ሴንቲኔል 2 የተባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች በየ5 ቀኑ በአንድ ቦታ ላይ ያልፋሉ፤ የምስላቸው አንድ ነጥብ 10 ሜትር በ10 ሜትር የሆነ ቦታን ይወክላል። ጥሩ መሣሪያ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ግን ደመናው ይጋርደዋል። ደንገሉና ዳር ያለው የሩዝ ማሳም አረንጓዴ ስለሆኑ ካልተጠነቀቁ ከእምቦጩ ጋር ይምታታሉ። ከዚህ ሁሉ በላይ "የተወረረ" እና "የተሸፈነ" የሚሉት ቃላት አንድ አይደሉም። አንድ ዳርቻ እዚህም እዚያም አረም ከታየበት ተወርሯል ሊባል ይችላል። ተሸፈነ የሚባለው ግን ውኃው የማይታይ ሲሆን ነው። በሁለቱ መካከል ያለው የሄክታር ልዩነት ሰፊ ነው።

ከዘመቻ የሚወጣው ቁጥር ደግሞ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። በጥቅምት 2013 ለአንድ ወር ትልቅ የነቀላ ዘመቻ እንደተካሄደ ይታወሳል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ዜናው "ይህን ያህል ሄክታር ተነቀለ" ይላል። አረሙ ግን ተመልሶ ይበቅላል። አንድ ቦታ ሁለት ጊዜ ቢጸዳ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። የተነቀለው ድምር ሐይቁ ላይ ከነበረው ሊበልጥ የሚችለው ለዚህ ነው። አድማጭ ይህን ካልተነገረው "ሁሉም ተነቅሎ አልቆ ታዲያ ይሄ ከየት መጣ?" ማለቱ ተገቢ ነው።

እዚህ ላይ የአዘጋጁ ሥራ ግልጽ ይመስለኛል። ቁጥሩን ከመናገሩ በፊት የት፣ መቼ፣ በምን እንደተለካና ከየትኛው ጊዜ ጋር እንደተነጻጸረ ይጠይቃል። ከዚያ ቁጥሩን ወደ ሰው ሚዛን ያመጣዋል። ለምሳሌ 3 ሺህ ሄክታር ቢባል ከጠቅላላው ሐይቅ 1 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። እንዲህ ሲባል ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ያ 1 በመቶ የተኛው ዳር ዳሩን ነው። ዓሣ የሚራባው፣ ከብት የሚጠጣው፣ ታንኳ የሚነሳው እዚያው ነው። ሁለቱም መነገር አለባቸው። አንዱ ብቻ ከተነገረ ወይ ያስደነግጣል ወይ ያዘናጋል።

ዜናው የሚገባበት በር

የውጭ የሳይንስ ዜና ወደ ስቱዲዮ የሚደርሰው በሌላ መንገድ ነው። ትልልቆቹ የምርምር መጽሔቶች ጽሑፍ ከማውጣታቸው ጥቂት ቀናት በፊት ለጋዜጠኞች ይልካሉ። ቅድመ ሁኔታው ከተወሰነው ሰዓት በፊት እንዳይዘግቡት ነው። ይህ አሠራር እምባርጎ ይባላል። ኔቸር የተባለው መጽሔት ረቡዕ በለንደን ሰዓት ከቀትር በኋላ 4 ሰዓት ላይ ይለቅቃል። ለእኛ እንደ ወቅቱ ከምሽቱ 12 ወይም 1 ሰዓት ማለት ነው። ሳይንስ የተባለው የአሜሪካ መጽሔት የሚለቅቀው ሐሙስ ነው፤ በእኛ ከምሽቱ 3 ወይም 4 ሰዓት ላይ ይሆናል።

የእምባርጎ ሐሳቡ ጥሩ ነው። ጋዜጠኛው ለማንበብና ባለሙያ ለመጠየቅ ጊዜ ያገኛል። ተቺዎቹ ደግሞ ዓለም ሁሉ በአንድ ሰዓት አንድ ዓይነት ዜና እንዲያወጣ አድርጓል ይላሉ። ለባሕር ዳር ያለው ጣጣ ግን ከዚህ ቀለል ያለ ነው። አብዛኛው አዘጋጅ የእምባርጎውን ጽሑፍ አያገኝም። የሚያገኘው የዜና ወኪሎች ያሳጠሩትን ነው። እሱንም በማግስቱ ጠዋት፣ ከሌላ አምስት ዜና ጋር ተደርቦ። ማለትም በሦስተኛ እጅ የደረሰ ነገር ነው።

ከዚያ በፊት የሚመጣው ደግሞ መግለጫ ነው። ዩኒቨርሲቲው ስለ ራሱ ምርምር የሚያወጣው ጽሑፍ። እዚህ ላይ የሚጠቅም አንድ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት የወጣ ነው። የካርዲፍ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው 20 የብሪታንያ ዩኒቨርሲቲዎች ያወጧቸውን 462 የጤና ነክ መግለጫዎች ከዋናው ጥናትና ከወጣው ዜና ጋር አስተያዩ። ከመግለጫዎቹ 40 በመቶው ከጥናቱ የገነነ ምክር ነበረባቸው። በእንስሳት ላይ የተሠራ ምርምር ከያዙት ውስጥ 36 በመቶው ውጤቱ ለሰው ይሠራል በሚል የተጋነኑ ነበሩ። መግለጫው እንዲህ ሲያጋንን 86 በመቶው ዜናም አብሮ አጋነነ። መግለጫው ካላጋነነ ግን ያጋነነው ዜና 10 በመቶው ብቻ ነበር።

ይህ ውጤት ሁላችንም የለመድነውን ወቀሳ ያናጋዋል። ሳይንስ የሚያዛባው ጋዜጠኛ ነው ይባላል። በዚያ ጥናት መሠረት ግነቱ ብዙ ጊዜ ከምንጩ ጋር ተያይዞ ነው የሚመጣው። ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ጥናቱ አብሮ መገኘትን እንጂ መግለጫው ብቻውን ጋዜጠኛውን እንዳሳሳተው አላሳየም። ቢሆንም ለአዘጋጁ የሚሰጠው ፍንጭ ትልቅ ነው። መግለጫውን አንብቦ ማቆም አይበቃም። ቢያንስ የጥናቱን አጭር መግቢያ ማየት ያስፈልጋል። በሰው ላይ ነው በአይጥ? በስንት ሰው? በሌሎች ባለሙያዎች ተገምግሟል ወይስ ገና ፕሪፕሪንት ነው? ፕሪፕሪንት ማለት አቻ ባለሙያዎች ሳይመረምሩት ለሕዝብ የተለቀቀ ረቂቅ ጥናት ነው።

ባሕር ዳር አንድ ዕድል አላት። ሳይንቲስቱ በባጃጅ ይደረሳል። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ እዚሁ ነው። የዓሣና የሌሎች የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል እዚሁ ነው። የአማራ ክልል ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ዋና መሥሪያ ቤትም እንደዚሁ። የውጭ ዜና ሲመጣ "ይህ ለእኛ ምን ማለት ነው?" ብሎ የሚጠየቅ ሰው ቅርብ ነው። ይሁን እንጂ ሁለቱ ወገኖች ይተፋፈራሉ። ተመራማሪው ቃሉ ተቆርጦ እንዳይዛባ ይሰጋል። ጋዜጠኛው ደግሞ ለአንዲት ጥያቄ የ20 ደቂቃ ሌክቸር እንዳይደርሰው ይሰጋል። ብዙ ጊዜም መልሱ በሕዝብ ግንኙነት በኩል ዞሮ፣ ቀዝቅዞ ይመጣል።

የሚያሳዝነው በዚህ መሃል እዚሁ ያለው ሳይንስ ሳይነገር መቅረቱ ነው። ጣና ውስጥ ነጭ ዓሣ የምንለው የዓሣ ወገን 15 ገደማ ዝርያዎች አሉት። አብዛኞቹ ከዚህ ሐይቅ በቀር በዓለም የትም የሉም። አንዳንዶቹ ሌላ ዓሣ የሚበሉ ናቸው፤ እነሱ ለሚመደቡበት ካርፕ ለተባለው የዓሣ ቤተሰብ ይህ ያልተለመደ ነው። ክረምት ሲገባ ብዙዎቹ ለመራባት ወደ ወንዞቹ ይወጣሉ፤ ወንዙ አፍ ላይ የተዘረጋ መረብ እናቶቹን ከነእንቁላላቸው ያፍሳቸዋል። ስለ ማርስ የሚወራውን ያህል ስለዚህ ቢወራ ምን ነበረበት?

ግሱ ላይ ያለው ጣጣ

አሁን ወደ አማርኛው እንምጣ። በእኔ እምነት ትልቁ ስህተት የሚሠራው እዚህ ነው።

"ጥናት አረጋገጠ" የሚለው ሐረግ በዜና ቋንቋችን ውስጥ እንደ ጨው ሆኗል። ሁሉም ላይ ይነሰነሳል። ማረጋገጥ ግን ከባድ ቃል ነው። ጥርጣሬ አበቃ ማለት ነው። አንድ ጥናት ብቻውን ይህን ያደርጋል ለማለት ያስቸግራል። አማርኛ ደግሞ የቃል ድሃ አይደለም። ጠቆመ አለ። አመለከተ አለ። አሳየ አለ። አጠናከረ አለ። እያንዳንዱ የየራሱ ክብደት አለው። በ40 ሰው ላይ የተሠራ ጥናት ይጠቁማል። በብዙ አገር ተደጋግሞ ያው ውጤት ሲመጣ ያሳያል ማለት ይቻላል። ማጨስ የሳንባ ካንሰር እንደሚያመጣ ተረጋግጧል። እዚያ ላይ ቃሉ ቦታውን ያገኛል።

"መድኃኒት" ሌላው ነው። በአማርኛ ሕመምን የሚያስታግሰውም፣ ዕድሜ የሚያራዝመውም፣ ፈጽሞ የሚፈውሰውም መድኃኒት ነው። "ለካንሰር መድኃኒት ተገኘ" ሲባል አድማጩ የሚሰማው ፈውስ ነው። ምርምሩ ያለው ግን አንዱ የካንሰር ዓይነት ያለባቸው ሰዎች በአማካይ ጥቂት ወራት ተጨማሪ ኖሩ ሊሆን ይችላል። ለታማሚው ቤተሰብ ይህ ልዩነት ቀልድ አይደለም። ከብት ሸጦ አዲስ አበባ ለመሄድ የሚያስነሳ ልዩነት ነው።

ከሁሉም የሚረቀው "ይሆናል" ነው። "ነገ ስብሰባ ይሆናል" ሲባል እርግጥ ነው። "ዘንቦ ይሆናል" ሲባል ግምት ነው። አንድ ቃል፣ ሁለት ፊት። ሰው ፊት ለፊት ሲያወራ በአነጋገሩ ይለያል። በሬዲዮ ጽሑፍ ላይ ግን አንባቢው ረገጥ አድርጎ ካነበበው ግምቱ ትንቢት ሆኖ ያርፋል።

ይህ በወቅት ትንበያ ላይ በደንብ ይታያል። የኢትዮጵያ ሜትዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የክረምቱን ዝናብ በሦስት መደብ ነው የሚተነብየው፤ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች። ለእያንዳንዱ መደብ ዕድል ይሰጠዋል። ለምሳሌ ያህል ከመደበኛ በላይ 45 በመቶ፣ መደበኛ 35 በመቶ፣ ከመደበኛ በታች 20 በመቶ ተባለ እንበል። ዜናው "ዘንድሮ ክረምቱ ከመደበኛ በላይ ይሆናል" ብሎ ያልፋል። እውነቱ ግን ከመደበኛ በላይ ያለመሆን ዕድሉ 55 በመቶ ነው። ይልቃል! ፎገራ ሜዳ ላይ ሩዝ የሚዘራ ገበሬ ርብና ጉማራ ሞልተው ማሳውን ሊያጥለቀልቁት እንደሚችሉ አስቦ ይወስናል። ያ ውሳኔ ዘርና ጉልበት ያስወጣዋል። ትንበያው ባይሰምር የሚያጣው ዘሩንና ጉልበቱን ብቻ አይደለም፤ በትንበያ ላይ ያለውን እምነትም ነው። በሚቀጥለው ዓመት ትክክለኛ ማስጠንቀቂያ ሲመጣ አይሰማም።

መፍትሔው ረጅም ማብራሪያ አይደለም። "ከአሥር ክረምት በአራት ወይም በአምስቱ እንዲህ ሊሆን ይችላል፤ በሁለቱ ግን ዝናቡ ሊያንስ ይችላል" ማለት ይቻላል። ጆሮ በመቶኛ ሳይሆን በጣት መቁጠር ይቀለዋል።

ቁጥር በጆሮ

ጋዜጣ ያነበበ ሰው ቁጥሩ ካልገባው ዓይኑን መልሶ ያያል። ሬዲዮ የሚያዳምጥ ሰው መመለስ አይችልም። አንዴ ካለፈው አለፈ። እናቶች ወጥ እያማሰሉ፣ ሹፌሮች ባጃጅ እየነዱ ነው የሚሰሙት።

እ.ኤ.አ. በ2015 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በፋብሪካ የተቀነባበረ ሥጋ የአንጀት ካንሰር ያስከትላል ብሎ መደበው። በየቀኑ 50 ግራም መብላት ዕድሉን በ18 በመቶ ይጨምራል አለ። ወሬው እዚህ ሲደርስ "ሥጋ ካንሰር ያመጣል" ሆነ። ሁለት ነገር ጠፋ። አንደኛ፣ 18 በመቶው የሚለው ስለ ቋሊማና መሰል ነገሮች ነው። ስለ ጥሬ ሥጋ ወይም ስለ ጥብስ አይደለም፤ ቀይ ሥጋ የተመደበው "ሳያስከትል አይቀርም" በሚለው ዝቅ ያለ መደብ ነው። ሁለተኛ፣ 18 በመቶው የጭማሪ ነው እንጂ የጠቅላላው ዕድል አይደለም። ከ100 ሰው 5ቱ በሕይወት ዘመናቸው ይታመማሉ ብንል፣ ጭማሪው 5ቱን ወደ 6 ገደማ ያደርሳቸዋል። "ከመቶ አንድ ሰው ይጨምራል" እና "በ18 በመቶ ይጨምራል" አንድ እውነት ናቸው። ጆሮ ላይ ግን እኩል አይመዝኑም።

ዘመን አቆጣጠሩም የራሱ ወጥመድ አለው። "ጥናቱ በ2017 የተደረገ ነው" ሲባል የትኛው 2017? በእኛና በፈረንጁ መካከል ሰባት ወይም ስምንት ዓመት አለ። አሮጌ ጥናት አዲስ፣ አዲሱም አሮጌ ሆኖ ሊቀርብ ይችላል። ትንሽ ነገር ናት፤ ግን ብዙ ታሳስታለች።

መጋቢት 2012

ኢትዮጵያ ውስጥ የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ነው። ሁለት ሳምንት ገደማ ቆይቶ የኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር አንድ መግለጫ አወጣ። አገር በቀል ዕውቀትን መነሻ ያደረገ የመድኃኒት ምርምር መሠረታዊ ደረጃውን አልፎ ወደሚቀጥለው ደረጃ ተሻገረ የሚል ነበር። ሕዝቡ ዘንድ የደረሰው በሦስት ቃል ነው። የኮሮና መድኃኒት ተገኘ።

የምርምሩን ደረጃ ለሚያውቅ ሰው መግለጫው ብዙም አያስጨበጭብም ነበር። አንድ መድኃኒት መጀመሪያ በቤተ ሙከራ ይታያል። ከዚያ በእንስሳት። ከዚያ ደኅንነቱ በአሥሮች በሚቆጠሩ ሰዎች ላይ። ቀጥሎ በመቶዎች፣ በመጨረሻም ብዙ ጊዜ በሺዎች ላይ። በሰው ላይ መሞከር ከጀመሩት ውስጥ እስከ መጨረሻ ደርሰው የሚፈቀዱት ከአሥር አንድ ገደማ ናቸው። "መሠረታዊ ደረጃውን አለፈ" ማለት ገና በሩ ላይ ነው ማለት ነው።

በጊዜው ሁለት ሐሳብ ነበር። አንደኛው ሕዝብ በፍርሃት ላይ ስለሆነ ተስፋ ያስፈልገዋል፤ አገር በቀል ዕውቀትም ክብር ይገባዋል የሚል ነበር። ሌላው ያልበሰለ ተስፋ ጥንቃቄን ያላላል የሚል። የመጀመሪያው ሐሳብ ውስጥ እውነት አለ። የባህል ሕክምና በንቀት መታየት የለበትም፤ የወባ መድኃኒቱ አርቴሚሲኒን የተገኘው ከቻይና የባህል ሕክምና ዕፅ ነው። አርቴሚሲኒን ግን የተከበረው በሁሉም ደረጃ ተፈትኖ ስላለፈ ነው። ስለዚህ የሁለተኛው ክርክር ይመዝናል ባይ ነኝ። ያን ሰሞን ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ ገበያ ላይ ዋጋቸው የናረው ሕዝቡ ስለተሞኘ አይደለም። የሚጨብጠው መረጃ ስላጣ ነው።

ሬዲዮ በእንዲህ ያለ ቀን ምን ማድረግ ይችላል? መግለጫውን አልዘግብም ማለት አይችልም፤ ሁሉም እያወራው ነው። ግን አንድ ዓረፍተ ነገር መጨመር ይችላል። "ይህ ምርምር ገና በሰው ላይ አልተሞከረም።" አራት ሴኮንድ አይፈጅም።

ሚዛን ሲባል

ጋዜጠኝነት ሁለቱንም ወገን ስማ ይላል። ለፖለቲካ ጥሩ ደንብ ነው። ሳይንስ ላይ ሲመጣ ግን መጠንቀቅ ይፈልጋል። ስለ ክትባት አንድ ሐኪምና አንድ ክትባት የሚቃወም ሰው እኩል አምስት አምስት ደቂቃ ቢሰጣቸው፣ አድማጩ ባለሙያዎች ለሁለት እኩል የተከፈሉ ይመስለዋል። ይህ የውሸት ሚዛን ይባላል።

በሌላ በኩል እውነተኛ ክርክር አለ። እሱን መደበቅም ስህተት ነው። እምቦጭን በጢንዚዛ የመቆጣጠር ጉዳይ አንዱ ነው። ቅጠሉን የሚበሉ ሁለት የጢንዚዛ ዝርያዎች በ1990ዎቹ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ ተለቀቁ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ አረሙ እጅግ ቀነሰ። አንዳንድ ተመራማሪዎች ጢንዚዛዎቹ ሠሩት ይላሉ። ሌሎች በዚያው አቆጣጠር በ1997 እና በ1998 የነበረው ኤልኒኞ ያመጣው ከባድ የአየር ሁኔታ ትልቅ ድርሻ ነበረው ይላሉ። ሁለቱም ተረዳድተው ነው የሚሉም አሉ። ለጣና ይህ ክርክር የቅንጦት አይደለም። ጢንዚዛው ይለቀቅ ወይስ አይለቀቅ፣ ምን ያህል ተስፋ ይጣልበት የሚለውን ይወስናል። እዚህ ላይ አዘጋጁ ሁለቱንም ማቅረብ አለበት። የሚለየው ምንድን ነው? በመጀመሪያው ምሳሌ አንዱ ወገን ማስረጃ የለውም። በሁለተኛው ሁለቱም ማስረጃ ይዘው ስለ ትርጉሙ ነው የሚከራከሩት።

የሕዝብ ሬዲዮ ሲሆን

የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 የሕዝብ ብሮድካስት አገልግሎትን ከንግድና ከማኅበረሰብ ጣቢያ ለይቶ ያስቀምጠዋል። የሕዝብ ጣቢያ በሕዝብ ገንዘብ የሚተዳደር ነው። ክልል ላይ ይህ ማለት ከመንግሥት ሥራ ጋር ጎን ለጎን መሄድ ማለት ነው። ዘመቻ ሲታወጅ ጣቢያው ይቀሰቅሳል። እምቦጭ ይነቀል፣ አጎበር ይዘርጋ፣ ልጅ ይከተብ።

ይህን የልማት ጋዜጠኝነት ብለው የሚደግፉት አሉ። ምክንያታቸው ጠንካራ ነው። ወባ በከበደበት ዓመት ሬዲዮው "አጎበር ውስጥ ተኙ" ብሎ ሳይታክት መንገሩ ሕይወት ያድናል። ተቺዎቹ ደግሞ የሚቀሰቅስ ሬዲዮ የራሱን ዘመቻ ውጤት አይጠይቅም ይላሉ። የተነቀለውን ሄክታር ይቆጥራል፤ የተመለሰውን አይቆጥርም።

ሁለቱን ሥራ አንድ ጣቢያ ሊሠራቸው የሚችል ይመስለኛል። ግን በአንድ ፕሮግራም ውስጥ፣ በአንድ ድምፅ አይደለም። ቅስቀሳው ቅስቀሳ ተብሎ ይምጣ። የሳይንስ ፕሮግራሙ ደግሞ "ባለፈው ዓመት የጸዳው ቦታ ዘንድሮ ምን ሆነ?" ብሎ የመጠየቅ ነጻነት ይኑረው። ይህ ጥያቄ ዘመቻውን አያፈርሰውም። ይጠቅመዋል። ፀሐይ ላይ ቆሞ እስከ ወገቡ ጭቃ ውስጥ ገብቶ የነቀለው ገበሬ ድካሙ የት እንደደረሰ ማወቅ ይገባዋል።

ጉዳዩ እዚህ የሚከብድበት ሌላም ምክንያት አለ። ከ2015 ክረምት ወዲህ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ እንደነበር ይታወቃል። እንዲህ ባለ ጊዜ ሬዲዮ ከብዙ ምንጮች አንዱ አይሆንም። ለብዙ ሰው ብቸኛው ይሆናል። ስህተት ቢናገር በሌላ በኩል የሚያርመው የለም።

ሐምሌ 26 ቀን 2019

ይህ ሁሉ በተግባር የሚፈተንበት አንድ ቀን እየመጣ ነው። ሐምሌ 26 ቀን 2019፣ ሰኞ፣ የፀሐይ ግርዶሽ አለ። ሙሉ ግርዶሹ በግብፅ፣ በሳዑዲ አረቢያና በየመን በኩል ያልፋል። ሉክሶር አካባቢ ከ6 ደቂቃ በላይ ይቆያል። ኢትዮጵያ ውስጥ የሚታየው በከፊል ነው። ባሕር ዳር ላይ እኩለ ቀንን ተከትሎ፣ ደመናው ከፈቀደ።

ሰኔ 14 ቀን 2012 ላሊበላ ላይ የቀለበት ግርዶሽ ስለታየ ብዙ ሰው ነገሩን ያስታውሳል። በዚህኛው ላይ ቀድሞ መነገር ያለበት "በከፊል" የሚለው ቃል ነው። ሙሉ ግርዶሽ ሲሆን ለእነዚያ ጥቂት ደቂቃዎች ብቻ በባዶ ዓይን ማየት ይቻላል። ከፊል ሲሆን ግን አንዲትም ሴኮንድ አይቻልም። ከግብፅ የመጣውን ዜና እንዳለ ተርጉሞ "በባዶ ዓይን ማየት ይቻላል" የሚል ሰው የልጆችን ዓይን አደጋ ላይ ይጥላል። ተራ የፀሐይ መነጽር አይከላከልም። የራጅ ፊልምም እንደዚያው። ለዚሁ ተብሎ የተሠራ መነጽር ከሌለ ካርቶን በስፒል በስቶ፣ ጀርባን ለፀሐይ ሰጥቶ፣ ብርሃኑ ወረቀት ላይ ሲያርፍ ማየት ይቻላል። ቅርጹ ወረቀቱ ላይ ተገምጦ ይታያል።

ቀኑ ጾመ ፍልሰታ ሊገባ 5 ቀን ሲቀረው ነው። ትምህርት ቤት ዝግ ነው። ልጆቹ መምህር አጠገባቸው የለም፤ ደጅ ናቸው፣ ሜዳ ላይ ናቸው፣ ከብት ጠባቂዎቹም ወንዝ ዳር። ስለዚህ ማስጠንቀቂያው በዕለቱ ጠዋት ቢነገር ረፍዷል። ሰኔ ላይ፣ ትምህርት ቤት ሳይዘጋ፣ መምህራኑ እያሉ መጀመር አለበት። የስፒሏንና የካርቶኑን ነገር በድምፅ ብቻ፣ ያለ ሥዕል፣ አንድ የ10 ዓመት ልጅ ሰምቶ እንዲሠራው አድርጎ መጻፍ ደግሞ የአንድ ከሰዓት ሥራ አይደለም።